የተፈተገው ኩባያ

ጠዋት እንደ ወትሮዋ የመሥሪያ ቤቱን መጋረጃ ገልጣ፣ የኮሪደሩን መብራት አጥፍታ ወደ ሻይ ክፍሉ ገባች። ቆሻሻ እንዲቀንስ ተብሎ የወረቀት ኩባያ ከቀረ ወዲህ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ ያመጣውን ኩባያ በየምስማሩ ይሰቅል ነበር። እዚያው ይሠራ የነበረው የሟች ባሏ ኩባያም ከእሷ ኩባያ ጎን እንደተሰቀለ ነበር። አቧራውን በውሃ ታለቀልቀዋለች እንጂ ውስጡን ፈትጋ አታውቅም፤ የመጨረሻ ሻዩ ያስቀረው ቡናማ እድፍ አለበት።

ዛሬ ምስማሩ ባዶ ነበር። አዲሷ ጸሐፊ መስኮቱን ተደግፋ በዚያው ኩባያ ሻይ ትጠጣ ነበር፤ የከንፈሯ ቀለም ጠርዙ ላይ ታትሟል።

«ውይ እትዬ፣ የኔን ቤት ረስቼው እኮ ነው! የማን ነው? እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ሲል!»

«የሰው ነው።»

«ሰውየው ይቀናል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«እሱስ አይቀናም» አለችና ኩባያውን ከእጇ ወሰደችባት። ጣውንቷን ደጃፏ ላይ እንዳገኘች ሴት ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት። ሻዩን ደፍታ ያንን ቀይ ከንፈር በሳሙናና በሽቦ ፈተገችው፤ ጠርዙን፣ መያዣውን፣ ውስጡንም ሳይቀር።

አለቅልቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ኩባያው አዲስ መስሎ አበራ። የባሏ የሻይ እድፍ በውስጡ አልነበረም።