ታሪኩ የት ደረሰ?

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ መኪና ውስጥ ጭቅጭቅ የለም፣ መጽሐፍ ሲተረክ ይደመጣል እንጂ። ደንቡን ያወጣችው እናትየው ናት። አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ጩኸት በሥራ ቦታዋ ይበቃታል። በደንቡ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ግን አባትየው ነው። ባለፈው ክረምት ቤታቸው ደጃፍ ከደረሱ በኋላ፣ ምዕራፉ አላለቀም ብሎ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሮታል።

በዚህኛው ጉዞ ተበደለ። የመኪናው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ሳምንት ሆኖታል፤ እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና የሰው ሲጠግን ውሎ ለራሱ ጊዜ አጣ። ለልጆቹ ጆሮ ድፍን አድርገው የሚይዙ ሁለት ሄድፎኖች አመጣና ከእናትየው ስልክ ጋር የሚያገናኛቸው ገመድ ቀጠለላቸው። ልጆቹ ከኋላ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው፣ ገመዱን ከሥሩ ሸጉጠው፣ ስለ አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ የሚተርከውን መጽሐፍ ያዳምጣሉ። እሱ በየመቆሚያው "ታሪኩ የት ደረሰ?" እያለ ይለምናቸዋል።

ታላቅየዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያላየችው ክርክር ስለሌለ ቤተሰቡ "ዳኛዋ" ይላታል። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ "ቁንጫ" ነው፤ ለምን እንደተባለ አምስት ደቂቃ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

ነዳጅ ማደያው ጋ እናትየው ለእህቷ ደውላ ለምሳ እንደሚደርሱ ነገረቻት። ቦርሳዋን እግሯ ሥር ጣል አድርጋ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ ወዲያ ያለው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ገደል።

ሁለተኛው ጥምዝ ላይ አባትየው ፍሬን ያዘ። ፔዳሉ ምንም ሳይገታው ወለል ነካ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ያው ነው።

"ፍሬኑ የለም" አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ካመለጠው በኋላ ነው ከንፈሩን የነከሰው። እናትየው ዘወር ብላ አየች። ልጆቹ ሄድፎናቸውን እንዳጠለቁ አቀርቅረዋል።

"አልሰሙም" አለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት በምታነጋግርበት ድምፅ። "ቀስ ብለህ ተናገር።"

"እንዳይሰሙ አደራ። ቁንጫ ከሰማ አለቀልን።"

ነገሩን ሁለቱም ያውቁታል። አምና አንድ ውሻ መንገድ ሲያቋርጥ ቁንጫ ደንግጦ ቀበቶውን ፈታ፣ ከኋላ ዘሎም አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። መኪናው ቦይ ገብቶ ቆመ። እዚህ ቦይ የለም።

አባትየው ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ አጓራ፣ መኪናው ትንሽ ያዝ አለና መልሶ መንደርደር ጀመረ።

"የእጅ ፍሬኑስ?"

"ጥቂት ጥቂት። ባንዴ ከሳብኩት ይገለብጠናል።"

ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ እያደረገ ሦስተኛውን ጥምዝ አለፈ። የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተ። እናትየው መስኮቱን በትንሹ ከፈተች።

አሁን የቀራቸው ተስፋ ባለጀልባው ነው። ምዕራፉ መሃል መንገድ ላይ ካለቀ ቁንጫ ሄድፎኑን ያወልቃል፣ ያወለቀ ዕለት ደግሞ ይሰማል። እናትየው ፈገግታ ለጥፋ ዞረችና ለልጅቷ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ዳኛዋ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አደረገች።

"ታሪኩ የት ደረሰ፣ የኔ እናት?"

ልጅቷ አባቷን በመስታወቱ በኩል ትንሽ አየችው።

"ባለጀልባው መቅዘፊያው ተሰብሮ ወንዙ እየወሰደው ነው።"

"እና ሊሰምጥ ነው?"

"አይሰምጥም። ወንዙን ያውቀዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት ነው የኖረው። ገና ብዙ ይቀረዋል።"

ጆሮዋን መልሳ ሸፈነች። እናትየው ለባሏ "ገና ብዙ ይቀረዋል አለች" ስትለው የአባትየው ትከሻ ዝቅ አለ።

ከፊት እንጨት የጫነ መኪና እየተጎተተ ይወርዳል። አባትየው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። ባለጭነቱ ሊያሳልፍ ፈቀቅ ቢልም መንገዱ ለሁለት አይበቃም ነበር። ታክከውት ሲያልፉ የጎን መስታወታቸው ተገንጥሎ ቀረ። ከኋላ የዳኛዋ ሳቅ ተሰማ።

"ይስቃሉ" አለች እናትየው፤ ዕንባዋ መጣ። "ምንም ሳያውቁ ይስቃሉ።"

"ይሳቁ" አለ አባትየው። ላብ ዓይኑ ገብቶበታል። ቁንጫን በውስጡ መስታወት አየው። ከማደያው ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ይሄን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው ባገኝ እግሩን እስማለሁ ሲል አሰበ።

ሰባተኛው ጥምዝ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ታየ።

"ያዙ" አለ፤ ለሚስቱ ብቻ ሊል ነበር፣ አፉ ግን ለሁሉም ተናገረ። መሪውን ወደ ክምሩ አጠፈ። ጠጠሩ ከመኪናው ሆድ ሥር ተንኮሻኮሸ፣ መኪናው ተንገጫገጨ፣ ሰጠመ፣ ቆመ።

አባትየው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ እናትየው ጀርባውን ዳበሰችው። ከዚያ ዞረች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ናቸው። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ወርዷል። የዳኛዋ እጅ የቁንጫን እጅ ጨብጧል።

ልጅቷ ሄድፎኑን ቀስ ብላ አወለቀች። "ደረስን እንዴ?"

"አይ፣ መኪናው ትንሽ ደክሞት ነው" አለ አባትየው።

"ይረፍ እንግዲህ" አለች።

አባትየው ሳቀ፤ መሳቁ እሱንም ገረመው። "ተመስገን" አለ ለሚስቱ በጆሮዋ። "ልጆቹ ምንም አልሰሙም።"

"ምንም" አለች እናትየውም። እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። "በይ ታሪኩን አቁሚውና ስልኩን ስጪኝ፣ እናቴ። ለአክስትሽ ልደውልላት፣ መካኒክ ትላክልን።"

ዳኛዋ ወንድሟን አየችው። ቁንጫ እሷን አያት። የተዘረጋው እጅ ባዶውን ቆየ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ከእናትየው እግር ሥር፣ ከቦርሳዋ ውስጥ።