ቢላ ያልነካው መጨረሻ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ጓዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የአንባቢዎች ማኅበር አለ። ታሪካዊ ልብ ወለድ አንብቦ የወደደ አባል መጽሐፉን በአሮጌ ካላንደር ወረቀት ሸፍኖ ያመጣል። ለደራሲው ስም እንዳይዳላ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ሰብሳቢው ዘንድ ይሰነብታል። እሱ ይለፍ ካለ ሁሉም እየተዋሰ ያነበዋል።

ሰብሳቢው ሠረቀብርሃን ምንም አያሳልፍም።

አንኮበር ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ግራ ቅንድቡን የልጅነት ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ሰው ሲንቅ ያ ቅንድብ ብቻ ይነሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

አባሉ ዳዊት ያመጣውን መጽሐፍ «ጎራዴ የታጠቀ የሠርግ ቪዲዮ» ብሎታል። ወርቅነሽ ላመጣችው ደግሞ «ነገሥታቱ የሚያወሩት እንደ ቀበሌ ስብሰባ ነው» የሚል መልስ ሰጥቷታል። ፈሂማ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ተስቆባታል።

ፈሂማ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚሁ ከተማ ተቀጥራለች። ሰው ፊት ስትቆም ድምጿ ይጠፋል። ግን የወደደችውን መጽሐፍ ሌሎችም ሲወዱት ከማየት የበለጠ የምትመኘው ነገር የለም። ሦስተኛውም ከወደቀ እዚያ ጓዳ ዳግመኛ አፏን ላትከፍት ለራሷ ምላለች።

«ስሚ» አለቻት አንድ ቀን ወርቅነሽ፣ «ሰውዬው እኮ አያነብም። ከሽፋኑ በላይ የሚሄድ እንዳይመስልሽ።»

ሦስተኛውን መጽሐፍ መናኸሪያ በር ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጠው ከወርቁ ገዛችው። ወርቁ እንደ ልማዱ በካላንደር ሸፍኖታል። የፊተኛው ቅጠል ተቀዶ ወጥቷል። ታሪኩ ከአልዩ አምባ አሞሌ ጨው ጭኖ አንኮበር ስለሚወጣው ስለ ነጋዴው ጃፈር፣ ስለሚወዳትም የመጋረጃ ሰፊ ልጅ ነው። አገሯን እንዲህ አድርጎ የጻፈላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ሊያልቅ ሲል ግን የቀሩት ገጾች ከላይም ከጎንም እንደተያያዙ አገኘቻቸው። ማተሚያ ቤቱ ሳይቆርጣቸው ቀርቷል።

ቢላ አነሳች። የወርቅነሽ ነገር ትዝ ሲላት ግን፣ ካነበበው እሱ ራሱ ይቁረጠው ብላ መልሳ አስቀመጠችው። የጃፈርን መጨረሻ ለማወቅ እየጓጓች መጽሐፉን እንዳለ ለሰብሳቢው ወሰደችለት።

ሠረቀብርሃን መሃሉን ገለጠና አንዱን ገጽ በጣቱ ዳሰሰ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከወርቁ።»

«ቅጂው ይኼ ብቻ ነበር?»

«አዎ ጋሼ። ምነው?»

«ምንም። እንዲህ ያለው የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ያለቀ መስሎኝ ነው።»

ቅንድቡ ግን አልተነሳም።

ፍርዱ በሚሰጥበት ቅዳሜ ጓዳው ሞልቷል። ሠረቀብርሃን መጽሐፉን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ካመጣችሁብኝ ሁሉ የባሰ ይኼ ነው። ያልበሰለ ልጅ የጻፈው! ሴትዮዋ ምዕራፍ ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ ትተክዛለች፤ እግሯን አይደክማትም? ጃፈር ደግሞ ኬላው ላይ በከንቱ ይሞታል። ደራሲው ሊያሻግረው አስቦ ነበር፤ አንባቢ እንዲያለቅስለት ሲል ገደለው።»

«ያሰበውን በምን አወቁ ጋሼ?» አለ ዳዊት። «ደውሎ ነገረዎት?»

ጓዳው በሳቅ ተሞላ።

«ከዚያ በቅሎዋ ብቻዋን አልዩ አምባ ትመለስና በራፍ ላይ ቆማ ታለቅሳለች! በቅሎ ስታለቅስ ያየ አለ? አያልፍም። ማንም ባያነበው ይሻላል።»

ፈሂማ ተነሳች። ድምጿ አልጠፋም።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን አንብበውታል?»

«ምን እያልኩሽ ነው ታዲያ!»

«በየት በኩል ገብተው?»

መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ ለሁሉም አሳየች። የመጨረሻዎቹ ገጾች እንደተያያዙ ነበሩ። አንድም ቢላ አልነካቸውም።

ወርቅነሽ ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች። «ወይ ጋሼ! የበቅሎዋን እንባስ ከየት ቀዱት? በሉ እኛም እናልቅስልዎት!»

«ስንት መጽሐፍ በእንዲህ ያለ አፍ ወደቀ!» አለ ዳዊት።

የሠረቀብርሃን ፊት እስከ ጠባሳው ድረስ ቀላ። ባርኔጣውን አነሳና በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ፈሂማ ዞረ።

«አንቺ ግን ወደድሽው?»

«በጣም» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«እሺ» ብሎ ወጣ።

ሰብሳቢነቱን ያኔውኑ ለዳዊት ሰጡት። ዳዊትም ሻዩን ሳይጨርስ የፈሂማን መጽሐፍ ይለፍ አለ። ሁሉም አጨበጨቡላት። ሠረቀብርሃን ከዚያ ወዲያ ወደ ሻይ ቤቱ አልመጣም፤ የጠየቀውም የለም።

ፈሂማ ቤቷ እንደገባች ቢላውን አንስታ ገጾቹን አንድ በአንድ ለያየቻቸው። ጃፈር ኬላው ላይ ሞተ። በቅሎዋ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። በራፉ ላይ ቆማም አለቀሰች።

ፈሂማ ያንን ገጽ ደግማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉ በማግስቱ ለወርቅነሽ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ያረጀውን ካላንደር በአዲስ ልትቀይረው ገፈፈችው።

ከጀርባው ሽፋን ላይ ባለው የደራሲው ፎቶ ግራ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ አንድ ወጣት እያፈረ ፈገግ ብሏል።