ችግር የለም

የፋብሪካው ክሊኒክ ስክሪን ጮኸ። በማቅለጫው ክፍል የአንድ ሠራተኛ የእጅ ማሰሪያ የሚልከው የልብ ምት ቀልቶ ይዘላል፤ ነርሷ ስሙን ስታየው የፈረቃው አለቃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ በሬድዮው መጣ። «እህቴ፣ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሰው ላኪልኝ።»

እህቴ አላት። ባሏ እዚያው ክፍል ሲሠራ የእጁ ማሰሪያ እንዲህ የጮኸ ቀን ግን ይኸው አለቃ «ዞር በይ» ብሎ ገፍቷት፣ ስክሪኑ ላይ «ችግር የለም» የሚለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነበር። «ማሽኑ ነው የሚዋሸው። ሥራ አታስፈቺን።» ባሏን በቃሬዛ ያወጡት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ያንን ቃል ቋጥራ አኑራዋለች። አውራ ጣቷን ቁልፉ አጠገብ አድርሳ አቆመችና ሬድዮውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ማሽኑ ነው የሚዋሸው፣ አለቃ» አለችው ቀስ ብላ። «ሥራ አያስፈቱን።»

ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማች። «በልጆቼ ይዤሻለሁ» አላት። ገና ስክሪኑ እንደጮኸ የላከቻቸው ቃሬዛ ተሸካሚዎች አሁን የማቅለጫውን በር እየከፈቱ ነበር። እሱ ግን ይህን አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም።