ጃቡቲካባዬና ሊሾው

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እማዬ» አለኝ ልጄ ጂልሶን የግቢውን በር ሲከፍት። ልይ ብዬ የዓይን ሞራዬን አስገፍፌ የመጣሁትን ሴትዮ ጨፍኚ ይለኛል። ሦስት ሳምንት እህቱ ቤት ከርሜ መመለሴ ነው፤ ደስ ይበለው ብዬ ጨፈንኩለት።

ስገልጥ ግቢዬ የለም። ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር ሊሾ ሆኗል፤ ልሙጥ፣ ግራጫ፣ የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ። መሀሉ ላይ ጃቡቲካባዬ፣ ግንዷ ላይ የምታፈራው ዛፌ፣ ቆማለች፤ ሲሚንቶው ግንዷ ድረስ ተጠግቶ አንቋታል።

ደሜ ፈላ። ጂልሶን ግን ውለታውን ይዘረዝርልኛል፦ አምና የፍሬዋ ልጣጭ አንሸራቶኝ እጄ መሰበሩን፣ ቅጠል ስጠርግ መዋሌን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሊሾ አድርጎ መገላገሉን። እዚህ ከተማችን ሳባራ ዛሬ አፈር ማለት ቆሻሻ ማለት ሆኗል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት የኔ ልጅ ነው።

አንድ ባልዲ ውሃ ሞልቼ እግሯ ሥር ደፋሁት። በቀን ሁለት ባልዲ የለመደች ዛፍ ናት፤ ሥሯ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ጥም አትችልም። ውሃው ግንዷን ዞሮ፣ ተዳፋቱን ይዞ፣ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ።

«አየሽ? አንዲት ጠብታ አትቀርም» አለኝ ኮርቶ።

«ከአፈሩ ብቅ ብቅ ያለውን ሥሯንስ ምን አደረግኸው?»

«እሱማ ካልተቆረጠ መሬቱ መች ይስተካከላል?»

ከዘር ነው ያበቀልኳት። ፍሬውን የቀበርኩት እሱን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው፤ መጀመሪያ ስታፈራ እሱ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌላ ብተክል ፍሬዋን ለማየት አልደርስም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ደግሞ ተስማምቷታል፤ ቀና ብለሽ እያት እንጂ» አለኝ።

ቀና አልኩ። ከግንዷ እስከ ቅርንጫፎቿ ነጭ አበባ ለብሳለች፤ ቅርፊቷ እንኳ አይታይም። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አብባ አታውቅም።

እሱ አላየም፣ እኔ ግን አይቻለሁ። መንገድ ሠሪዎች የአባቴን ዛፍ ሥር የቆረጡ ጊዜ እሷም እንዲሁ ነጭ ሆና ነበር። ጉድ የሚያሰኝ ፍሬ በላን። በዓመቱ ደርቃ ለማገዶ ፈለጥናት። ዛፍ እንዲህ የሚጣደፈው ሞቱን ሲያውቅ ነው።

«ዶማ አምጣ» አልኩት።

«እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? ስንት ቀን የለፋሁበትን?»

«ያፈሰስከው አንተ፣ የምትሰብረውም አንተ። ከግንዷ ዙሪያ ጀምር።»

አኩርፎ አመጣ። ያለ የሌለ ንዴቱን ሰብስቦ መታ። ሊሾው ተሰነጠቀ፤ አበባው ትከሻው ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ረገፈ። ሁለተኛ ሲመታ ከዚያም ባሰ። ዶማውን አቁሞ አየኝ፤ ንዴቱ ፊቱ ላይ የለም።

«ሊረግፍ እኮ ነው፣ እማዬ። የዘንድሮ ፍሬሽ ነው።»

ጎንበስ ብዬ በስንጥቁ ውስጥ አየሁ፤ አፈሩ ገና አልታየም።

«ምታ» አልኩት።