ከኋላ ያሉት ሁለት ብሎኖች

ድምፅ ቀራጩ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሥራው ቢቀርም ኩራቱ አልቀረም። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለ አምፖል የድምፅ ማጉያ አለው፤ አምፖሎቹ እስኪግሉ ጠብቆ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና ይቀመጣል።

ማጉያው ላይ የሸክላ ማጫወቻና ቴፕ ተሰክተዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ድምፁ እንዳይዘል የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሁለቱን እኩል የሚያደርጉ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከኋላ አሉ። በገዛ ጆሮው ነው ያስተካከላቸው። የፊተኛው የድምፅ ማዞሪያ ደግሞ ነጭ ነጥብ ተቀብቶበታል።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህች ነጥብ ንቅንቅ አላልኩም» ይላል ለመጣ እንግዳ ሁሉ። «ሰው ያረጃል፤ ጆሮዬ ግን አላረጀም።»

ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች። በወጣትነቷ ሬዲዮ መገጣጠሚያ ቤት በካውያ ሽቦ ትበይድ ነበር፤ ያንን የሚያስታውስላት የለም። ወንድ የሚስቱን ሙያ መች ቆጥሮ ያውቃል።

አንድ ጠዋት አቧራ ሲያራግፍ ብሎኖቹ አናት ላይ አዲስ ጭረት አየ። ካቻቢቴውን አንስቶ አሸተተው። ሽንኩርት ሸተተው።

ነገሩ ገባው። ባለፈው አንድ ደላላ መጥቶ «ሽጡልኝ» ሲል፣ «ሽጠውና እንረፍ» ያለችው እሷ ናት። ድምፁን አበላሽታ ልታስጠላው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ጎረቤቷ ስትመጣ ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ቆመው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ከእሷ ጋር ሹክሹክታ፣ ከእኔ ጋር ጩኸት። ምንድን ነው የምትዶልቱት?»

«ስለ ቲማቲም ነው የምናወራው» ብላ ጮኸችበት።

ብሎኖቹ ላይ አንዲት ፀጉር በሙጫ ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯ ተበጥሳ አገኛት።

«ነካሽው?»

«አቧራ ስጠርግ ይሆናል።»

«ነገ ሬዲዮ ሠሪው በመሣሪያ ይለካዋል። አበላሽተሽው ከተገኘ ጓዝሽን ጠቅልለሽ እህትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። አርባ ዓመት ሙሉ ጠላቴን ጉያዬ ውስጥ አሳድሬ ኖሬያለሁ ማለት ነው።»

 ፊቷ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ሬዲዮ ሠሪው መጥቶ ሸክላውንም ቴፑንም ለካ።

«እንደ መንታ እኩል ናቸው፣ ጋሼ። እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ ሰውማ የለም።»

«አዳምጠው እንጂ። ነጥቧ ላይ አድርገህ አዳምጠው።»

ሬዲዮ ሠሪው ማዳመጫውን ደፋ። ወዲያው ፍም እንደነካው ሰው ከጆሮው ላይ መንጭቆ ጣለው።

«ምነው? ተበላሽቷል አላልኩህም?»

ሬዲዮ ሠሪው ጎንበስ ብሎ የኋላ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሞከራቸው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ተከፍተዋል። ቀና ሲል ሚስትየው ከባሏ ወንበር ጀርባ ቆማለች።

«ሁለቱንም እኩል ነው የከፈትኳቸው» አለች፣ ሳትጮኽ፣ እንደ ሰው ወግ። «በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ እጁ ከነጥቧ እንዳይወጣ ብዬ። አሁን ግን ዞረው ዞረው አለቁብኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግለት?»

ባልየው ዘወር አላለም፤ የሬዲዮ ሠሪውን አፍ አፍ እያየ የራሱን ጥያቄ መልስ ይጠብቃል።