አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

ሸጊቱ ከአሮጌዋ ፒክአፕ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሟች ባሏ ውዱ በሳሙናና በካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ የጠጋገነውን የናፍጣ ቱቦ በቢላዋ ትቆርጣለች። ከጎኗ ሦስት ጥንድ እግር ቆሟል። ሁለቱ የሽማግሌዎች ናቸው፤ ጫማውን ያስጠረገው የውዱ ወንድም ይግዛው ነው።

«ሸጊቱ ልጄ፣» ይላሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፤ «ስለ እግዜር ብለን መጥተናል። መኪናዋን ለይግዛው ልቀቂለት። እሺ እስክትይን አንቀመጥም።»

ደባርቅ ውስጥ ሽማግሌ አቁሞ እንቢ ያለ ሰው ስሙ አያምርም። ታውቀዋለች። ግን ውዱ ካረፈ ወዲህ ከጃናሞራ ገብሱንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት ጭና ስትመላለስ የነበረችው እሷው ናት። ቱቦው ተሰነጣጥቆ መኪናዋ ከቆመች ሁለት ወር ሳይሞላት፣ ለቀብሩ እንኳ ዘግይቶ የመጣው ይግዛው ዛሬ ማልዶ ደረሰ።

«ዛሬ ከተነሳች የኔ ናት መሪጌታ፤ ካልተነሳች ቁልፉን ከእጄ ይውሰድ።»

ይግዛው ይስቃል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።»

እሷ አዲሱን ቱቦ ከታንኩ እስከ ማጣሪያው ትዘረጋለች፣ ማሰሪያዎቹን ታጠብቃለች። ናፍጣው በክንዷ ወርዶ ብብቷ ይገባል። ከሥር ወጥታ ቁልፉን ታዞራለች። ሞተሩ ያጓራል፣ አይነሳም። ትደግማለች። አይነሳም።

ይግዛው መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል።

ከዚያ ትዝ ይላታል፤ ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ የናፍጣ ሞተር ቢገድሉት አይነሳም። ውዱ አየሩን ሲያስወጣ ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ ያቆም ነበር። አንዱ የእጅ ፓምፗን ይጫናል፣ ሌላው የማጣሪያውን ብሎን ያላላል።

«መሪጌታ፣ እንዲያው ቆመው ከሚደክሙ ይችን ፓምፕ ይጫኑልኝ።»

መሪጌታ ይግዛውን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ። መቋሚያቸውን መኪናዋ ላይ አስደግፈው ማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን ፓምፕ በመዳፋቸው ይጫናሉ። ብሎኑን ስታላላው አረፋ ይወጣል።

«አሁንም፣ መሪጌታ።»

«እርስዎ ማንን ሊሸመግሉ ነው የመጡት?» ይላል ይግዛው።

«ቃሏን ሰጥታለች። ዝም በል፣» ይላሉ፣ እየተጫኑ። የጋቢያቸው ጫፍ ናፍጣ ነክቶ ጠቁሯል። አረፋው ያልቅና ንጹሕ ናፍጣ ይፈሳል። ብሎኑን ታጠብቀዋለች።

ቁልፉን ለሦስተኛ ጊዜ ስታዞረው ሞተሩ ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይነሳል። እንባዋ ይመጣል። በዚህ እጅ ዓይን አይነካም፤ እንደወረደ ትተወዋለች።

የጎኑን በር ከውስጥ ትከፍታለች። «ቤትዎ ላድርስዎ መሪጌታ። ብዙ ቆሙ።»

ሌላኛው ሽማግሌ ሳይጠሩ ከኋላ ተሳፍረዋል። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ያነሳሉ፣ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ፣ ይግዛው እያየ ከጎኗ ይቀመጣሉ።