ውሻ ያዙ

«ውሻ ያዙ» አለች ጓደኛዬ ይታክቱ ከአጥሩ ውጭ ሆና።

ድሮ ቀላል ነበር፤ ውሻዬን ማን አለብኝን በሰንሰለት አስሬ በሩን እከፍትላት ነበር። ወረዳችን ማሰርም መቆለፍም ከከለከለ ወዲህ ግን ውሻ የሚያዘው በሰው እጅ ብቻ ነው። አንገቱ ላይ ያጠለቁለት መሣሪያ የእጅ ሙቀት ይለያል፤ ገመድ ከነካው ያሳብቃል።

ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ እኔ ግቢ ውስጥ ውሻዬን አቅፌ እቀመጣለሁ፣ እንግዳዬ ሳሎን ብቻዋን ትበላለች። የምናወራው በመስኮት ነው። ይታክቱን በልጅነቷ ውሻ ነክሷት ስለነበር አልፈርድባትም።

«ጥብሱ ጨው አንሶታል» አለችኝ በመስኮቱ።

«እኔ በምን አውቄ? አንቺ እስክትሄጂ ይቀዘቅዝብኛል።»

ትንሽ ቆይታ ሳህኑን ይዛ ወጣችና ፈንጠር ብላ ቆመች።

«በየት በኩል ነው የሚያዘው?»

«አንገቱን እቀፊው።»

ሳህኑን ሰጥታኝ፣ ዓይኗን ጨፍና አቀፈችው። ማን አለብኝ ጆሮዋን ላሳት። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጥብሱን በትኩሱ ቀመስኩት። እውነትም ጨው አንሶታል።

ጨው ላመጣ ስነሳ ማን አለብኝም ሊከተለኝ ተነሳ።

«ሂጂ» አለችኝ ይታክቱ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ይዤዋለሁ።»